ስትፈራ የምትስቀው ልጅ

ልጆች፣ አንድ ቀን ያለ ጥፋቷ አንዲት ልጅ ከክፍል አስወጥቻለሁ። ዛሬ የምነግራችሁ የእሷን ታሪክ ነው።

ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ሳቅ ስለማይጠፋት ፍልቅልቅ እንላታለን። ቤታቸው ከአባቷ የመስታወት መቁረጫ ሱቅ ጀርባ ነው። አብሯት በአንድ ክፍል የሚማረው ታላቅ ወንድሟ ደግሞ እንባው ቅርብ ነውና ሆደ ባሻ ይባላል።

አንድ ቅዳሜ አባትየው የመስኮት መስታወት ሲቆርጥ መስታወቱ ተሰበረና መዳፉን ሰነጠቀው። ሆደ ባሻ በቆመበት እሪ አለ። ጎረቤቶች ሮጠው ሲገቡ አባትየው ራሱን ስቶ፣ እጁ በጨርቅ ጥብቅ ብሎ ታስሮ አገኙት። ፍልቅልቅስ? ኪ ኪ ኪ እያለች ትስቃለች!

"አንቺ ልበ ደንዳና፣ በአባትሽ ደም ትስቂያለሽ?" አሏት። የወንድሟን ራስ ግን እያሻሹ፣ "አይዞህ የኔ አንጀተ ቡቡ! እጁን ያሰርክለት አንተ ነህ አይደል?" አሉት።

ሆደ ባሻ ምን ቢል ጥሩ ነበር? ምስጋናው ጣፈጠውና በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

ሰኞ ዕለት ክፍል ውስጥ አንዱ ልጅ፣ "መምህርት፣ ፍልቅልቅ አባቷ ሲደማ ሳቀች!" አለኝ።

"እውነት ነው?" ብዬ አፈጠጥኩባት። ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ሳቀች።

"በእኔም ታላግጪያለሽ? ውጪ!"

ወጣች። በሩ ቢዘጋም ሳቋ ይሰማ ነበር። ሁላችንም ተናደድን። ሆደ ባሻ ግን ያንን ሳቅ ያውቀዋል። ፊቱ በላብ ተጠመቀ፤ ብድግ አለ።

"መምህርት፣ ፈርታ እኮ ነው! መብራት ሲጠፋም እንዲሁ ነው የምትስቀው። የአባዬን እጅ ያሰረችው እሷ ናት። እኔ እግሬ አልንቀሳቀስ አለኝ። ዋሸሁ።"

በሩን ከፈትኩ። ፍልቅልቅ ግድግዳውን ተደግፋ ትስቃለች፤ እንባዋ ግን ከአገጯ ይንጠባጠባል። አቀፍኳት። ልቧ እንደ ወፍ ልብ ይመታ ነበር።

ከትምህርት በኋላ አባቷ እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ መጣ። ነገሩን ስነግረው፣ "ከእኔ ወርሳው ነው፤ የእናቴን ሞት ሲያረዱኝ እኔም ስቄያለሁ" አለኝ። ከዚያ የክፍሉ ልጆች ሁሉ እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አደረገ፦ "ሐኪሙ፣ እጅህን ያሰረው ሰው አተረፈህ ብሎኛል። ፍልቅልቅ የኔ ጀግና ናት! አንተም ልጄ፣ በሰው ፊት እውነቱን አውጥተሃልና ኮርቼብሃለሁ።"

ሆደ ባሻ አለቀሰ። እህቱ ሳቀች፤ ይሄኛው ግን የደስታ ነው! እኔም በሁለቱም ኮራሁ።

ፈጣሪ ሲያበጀን አንዳንዶቻችን ስንፈራ እናለቅሳለን፣ አንዳንዶቻችን እንስቃለን፣ አንዳንዶቻችን ዝም እንላለን። ስለዚህ ልጆች፣ ፊቱን ብቻ አይታችሁ በሰው ልብ ላይ አትፍረዱ።

እኔ መምህርታችሁ ግን ፈርጃለሁ። ፍልቅልቅ ይቅር ብላኛለች፤ እባካችሁ እናንተም ይቅር በሉኝ።