ከክፍል ሁለት የጎደለው

«አለ ካልሽ አለ፣ የለም ካልሽ የለም። አንድ ነገር በይና እንገላገል» አለ የክፍል አለቃው፣ ዴስኳ ላይ ተደግፎ። ሌሎቹም ከበዋታል።

ሚዛን ደብተሯን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ሚዛን እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም። በትምህርት ቤቱ የግድግዳ መጽሔት ላይ ፊልም የምትተቸው እሷ ስለሆነች ነው እንዲህ ያሏት። ያየችውን ሁሉ በሁለት በኩል ትመዝናለች፤ በአንዱ ትርኢቱን፣ በሌላው ሰውዬውን። ፍንዳታው ደምቆ ሰው ከሌለበት ምሕረት የላትም። ትናንት በተለጠፈው ጽሑፏ ጭምብል ለባሽ ጀግና የሚታይበትን ፊልም፣ የ«ባለመብረቁ»ን ክፍል ሁለት አፈር ድሜ አብልታዋለች፦ «በክፍል አንድ ሰው ነበር፤ በክፍል ሁለት የሚሮጥ እሳት ሆኗል። ከፍንዳታ ወደ ፍንዳታ ይዘላል እንጂ አንዴም ቁጭ ብሎ ሲያስብ አላየነውም።» ልጆቹ ቃል በቃል ሸምድደውታል።

ነገሩን ያመጣችው ከሌላ ከተማ ተዛውራ የመጣችው አዲሷ ልጅ ናት። ጽሑፉን አንብባ፣ «እንዴ፣ ከእናቱ ጋር የሚቀመጥበትስ?» አለች። ጭምብሉን አውልቆ ከእናቱ ጋር ድንች ሲልጥ፣ የመርሳት ሕመም የያዛት እናቱ «የማን ልጅ ነህ?» ስትለው፣ አንድ በአንድ ተረከችላቸው። ክፍሉ በሙሉ ፊልሙን ያየው በሰፈሩ ብቸኛ ሲኒማ ቤት ነው፤ ድንችም እናትም ያየ የለም። «አትቅደጅ!» አሏት። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው ብለው ሳቁባት። ቀኑ ሳያልቅ «ክፍል ሦስት» የሚል ስም ወጣላት፤ የሌለ ፊልም ፈጥራለችና።

ችግሩ፣ ሚዛን እውነቱን ታውቃለች።

ትናንት ከትምህርት ቤት እንደወጣች በቀጥታ የሄደችው ወደ ሲኒማ ቤቱ ነው። እዚያ ፊልም የሚያጫውተው አባቷ ነው። የሚሠራባት ክፍል አንድ ወንበርና አንድ ኮምፒውተር ይዛ ሞልታለች፤ በትንሿ መስኮት አዳራሹ ይታያል። ጥያቄዋን ሳትጨርስ አባቷ አንገቱን ደፋ።

«ባለቤቱ በቀን አንድ ዙር ጨምር አለኝ። ፊልሙ ረጅም ነው፣ ሰዓቱ አይበቃንም አልኩት። ‹ታዲያ አሳጥረው› አለኝ።»

«ለምን ከፍንዳታው አልቆረጥክም አባዬ?»

«ፍንዳታ ሲጎድል ሰው ያፏጫል፣ ልጄ። ሰውዬው ዝም ብሎ የተቀመጠበት ቢቀር ማን ይጠይቃል? ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ሰው አልጠየቀኝም።» ቀና ብሎ አያትና፣ «አንቺም አልጠየቅሽኝም» አለ።

የቆረጠውን ግን አልጣለውም። ከፍቶ አሳያት። ሃያ ደቂቃ ነው። እናትየው «የማን ልጅ ነህ?» ስትለው ጀግናው «የጎረቤት» ይላታል፤ ከዚያ ልጣጩን ይሰበስባል፤ ሌላ ምንም አይፈጠርም። ሚዛን አለቀሰች። ቀጥሎ የሚመጣው ትልቁ ፍንዳታ እንኳ ያኔ ገና ነው የገባት፤ ሰውዬው እሳት ውስጥ የሚገባው ወደዚያ ወጥ ቤት ላለመመለስ ነበር። ክፍል ሁለት ከክፍል አንድ ይበልጣል። እሷ ደግሞ ሰው የለበትም ብላ ጽፋ ለጥፋለች።

«እንዳታወሪ» አላት አባቷ። «ነገሩ ከወጣ ባለቤቱ ‹እኔ አላዘዝኩም› ነው የሚለው። እኔን አባሮ እጁን ይታጠባል። በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል?» አልተቆጣትም፤ ለመናት። ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

«እሺ፣ እየጠበቅን ነው» አለ የክፍል አለቃው።

አዲሷ ልጅ ከኋላ ተቀምጣ ታያታለች። ፊቷ ላይ ተስፋ አለ፤ ፊልም የሚያውቅ ሰው ያምነኛል የሚል ተስፋ። ሚዛን እሷን ላለማየት ጥቁር ሰሌዳውን አየች።

«እኔ አላየሁም» አለች። አዳራሹ ውስጥ ማለቴ ነው ብላ ራሷን ልትሸነግል ሞከረች፤ አልሆነላትም።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። «ክፍል ሦስት መቼ ነው የሚወጣው?» አለ አንዱ።

በዕረፍት ሰዓት ሚዛን ቧንቧው ጋ አገኘቻትና ሁሉንም ነገረቻት፤ ዙሩንም፣ ሃያ ደቂቃውንም፣ አባቷንም። ልጅቷ እጇን እየታጠበች እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

«እኔማ አይቼዋለሁ» አለች። «ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ?»

«ለእነሱ መንገር አልችልም። አባቴ ከሥራ ይባረራል።»

«ገባኝ። አባትሽን አላስነካም፣ አትፍሪ።» ቧንቧውን ዘጋችው። «ግን ባትነግሪኝ ይሻል ነበር። እስካሁን ሁላችሁም የተሳሳታችሁ ነበር የመሰለኝ። ለካ አንቺ እያወቅሽ ነው።»

ትታት ሄደች። ሚዛን አልተከተለቻትም። ጥፋቷን ይቅር የምትላት ብቸኛዋ ልጅ ይቺ ነበረች፤ እሷንም አጣቻት።

ወደ ግድግዳ መጽሔቱ ሄዳ ጽሑፏ የተሰካበትን የመጀመሪያውን ስፒል ነቀለች። መጽሔቱን የሚከታተሉት የአማርኛ መምህር ከኋላዋ መጡ።

«ምን እያደረግሽ ነው? ከጻፍሻቸው ሁሉ እኮ ምርጡ እሱ ነው።»

«ፊልሙን ሙሉውን አላየሁትም፣ መምህር።»

«እንዴት? ምን ሆነሽ?»

«ተኝቼ ነበር» አለች።

መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ተኝተሽ ነው የሰው ሥራ ያጣጣልሽው? ከእንግዲህ ዓምዱን ለሌላ ልጅ ነው የምሰጠው፤ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ» አለች።

ይህ ለአዲሷ ልጅ ምንም አይፈይድላትም፤ ነገም ይስቁባታል። ሚዛን ይህንንም ታውቃለች። የቀሩትን ሦስት ስፒሎች ነቅላ ለመምህሩ ሰጠቻቸው።