ቀድሞ የደረሰው ለቀስተኛ

ደራሽ ያን ዕለት ጠዋት ከሐዋሳ እስከ ሁመራ ለቅሶ ሲደርስ አረፈደ። ደራሽ ሰው አይደለም። አፋፍ ኮሌጅ በቀድሞ ተማሪዎቹ ቤት ሐዘን ሲገባ የሚልከው፣ ከብርሃን የተሠራ፣ የሚታይና የሚናገር ግን የማይዳሰስ መልእክተኛ ነው። ነጠላውን አዘቅዝቆ ይገባል፣ ጥግ ይዞ ይቀመጣል፣ "እግዜር ያጽናችሁ" ይላል፤ ስለ ገንዘብ ትንፍሽ አይልም። ልገሳው የሚጠየቀው ከአርባው በኋላ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ እምቢ ለማለት የሚጨክን አንጀት ያለው ሰው ጥቂት ነው።

ይህን የፈለሰፈችው የኮሌጁ የልገሳ ዕቅድ ኃላፊ ውባንቺ ናት። የኮሌጆች ምክር ቤት በየዓመቱ ኮሌጆችን ከአቻዎቻቸው ጋር እያነጻጸረ ደረጃ ያወጣል፤ በልገሳ ውራ የወጣው ይዘጋል። አፋፍ ከመዘጋት የተረፈው በደራሽ ነበር። ምን ያደርጋል፣ ዓመት ሳይሞላ አቻዎቹ ሁሉ የየራሳቸውን ደራሽ አሰማሩ። ስለዚህ ለዘንድሮው ዕቅድ አዲስ መለኪያ አወጣች፦ ማን ቀድሞ ይደርሳል? "ከአቻዎቻችን ሁሉ ቀድመህ ድረስ" ብላ ደራሽን አዘዘችው። ኮራችበትም። ዕቅዱ የዚያ ዕለት ማግስት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለምክር ቤቱ ይቀርባል።

ረፋዱ ላይ አንድ ሰው ደውሎ ጮኸባት። የመንገድ መሐንዲሱ ሽመክት ነው፤ ከአፋፍ የወጣ።

"እናቴ በሕይወት ቁጭ ብላ ለቅሶ ትመጡብኛላችሁ?"

"ምን አሉኝ?"

"ደራሻችሁ ሳሎን ገብቶ ተቀምጧል! 'ማንን ፈልገህ ነው ልጄ?' ብትለው፣ 'የወይዘሮ አጸደን ለቅሶ ልደርስ' አላት። አጸደ እኮ እሷ ናት!"

ውባንቺ በስንት ይቅርታ ሰውየውን ካበረደች በኋላ ደራሽን ጠራችው።

"ማን ሞተ ብለህ ነው የሄድከው?"

"ማንም አልሞተም" አላት፣ በዚያ በለዘበ የለቅሶ ድምፁ። "የአቻ ኮሌጆች ደራሾች ሞት በተሰማ ቅጽበት ይደርሳሉ። እነሱን መቅደም የሚቻለው ከሞት በፊት ብቻ ነው። የወይዘሮ አጸደ አምባር ዛሬን እንደማያድሩ ይናገራል።"

አምባሩ አረጋውያን ክንዳቸው ላይ የሚያስሩት የልብ ምት መቁጠሪያ ነው። የሚነግረውም ለቤተሰብና ለሐኪም ብቻ መሆን ነበረበት። ሽመክት ተማሪ ሆኖ ከኮሌጁ ጋር ሲዋዋል የቤተሰቡን ወሬ ሁሉ እንዲያይ የፈቀደ መሆኑን ግን ራሱም ረስቶታል።

ውባንቺ እየሮጠች ወደ ኮሌጁ ፕሬዚዳንት፣ ወደ ዶክተር ልዑልሰገድ ቢሮ ገባች።

"ደራሽን እናጥፋው።"

"ነገ ዕቅድ እያቀረብሽ? ኮሌጁን በገዛ እጅሽ ልትዘጊው ነው?" ነገሩን ከሰማ በኋላ ግን ዓይኑ በራ። "እንዲያውም ዕቅዱ ውስጥ አስገቢው። ሰው እናቱን ተሰናብቶ ይቀብራል፤ ይሄ እኮ ጽድቅ ነው! ከአቻዎቻችን ማን አለው?"

ልዑልሰገድ የተናገረው ሐሰት ብቻ ቢሆን በወደደች። ለሽመክት ልንገረው አልንገረው ስትል ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር ነጋ።

በማግስቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ሽመክት እንደገና ደወለ። የትናንቱ ቁጣ የለም።

"ደራሻችሁ እውነቱን ነበር። እናቴ ማታ አረፈች።"

"ነፍስ ይማር፣ አቶ ሽመክት። እግዜር ያጽናዎት።"

"ድንኳኑ ሞልቷል። የሁላችንም ኮሌጆች፣ መሥሪያ ቤቶቻችን፣ ዕድሩ ሳይቀር ደራሽ ልኳል። እህት ወንድሞቼ ራሳቸው ደራሽ ነው የላኩት። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ሬሳውን የሚያነሣ ሰው ግን አጣሁ። እኔ አለሁ፣ ሹፌሩ አለ፣ መቃብር ቆፋሪው አለ። አራተኛ የለኝም። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። እባክሽ እህቴ፣ ሰው ላኪልኝ።"

ማንን ትላክ? የሥራ ባልደረቦቿን በልቧ ቆጠረች፤ ሁሉም ለቅሶ በደራሽ የሚደርስ ነው። እሷም ባለፈው ወር ግድግዳ ለምትጋራት ጎረቤቷ የላከችው ደራሽን ነበር። አፈረች። ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

መንገድ ላይ ሳለች ልዑልሰገድ ደወለ።

"የት ነሽ? የምክር ቤቱ ሰዎች ገብተዋል እኮ!"

"ለቅሶ ልደርስ ነው።"

"ደራሽ አለ አይደል?"

ዘጋችበት። የዘጋችው ምናልባት ኮሌጁን ጭምር እንደሆነ ታውቃለች።

ድንኳኑ ጢም ብሏል፤ የሚያስል የለም፣ የሚያለቅስ የለም። ሽመክት ከሣጥኑ አጠገብ ቆሞ ከኋላዋ የሚከተል ወንድ ካለ ብሎ አሻግሮ አየ።

"ሰውየውስ?"

"እኔ ነኝ።"

ሬሳ የሚሸከመው ወንድ ነው፤ ይህን ሁለቱም ያውቃሉ። ሽመክት ግን ከእግርጌ በኩል ቦታ ለቀቀላት። ሹፌሩ "በስመ አብ" አለና አነሡ። ካሰበችው በላይ ከበዳት፤ የሣጥኑ ጠርዝ ትከሻዋን ቆረጠማት።

የብርሃን ለቀስተኞቹ በአክብሮት ተነሥተው ቆሙ። ገለል ያላሉትን ሣጥኑ ሰንጥቋቸው አለፈ። ውባንቺ በጉዞው ሁሉ ሰው ብቅ ወዳላለባቸው ደጆችና መስኮቶች እያየች ሄደች። "ሴት ልጅ ሬሳ ተሸክማ! ምን ነውር ነው?" ብሎ የሚቆጣት አንድ ሽማግሌ ብታገኝ፣ እግሩ ላይ ወድቃ ባመሰገነችው ነበር።