ከመቶ ስንት?

መምህር ኤልሳዕ ሰኞ ሊመሽ ሲል፣ ጀጎል ውስጥ ከሰንጋ በር ብዙ በማይርቅ ጠባብ መንገድ ላይ በፊቱ ተደፍቶ ተገኘ። የራስ ቅሉ ከኋላ ተፈርክሷል። ደሙ የአከራዩን የአዴ ሩቂያን ነጭ ግድግዳ እስከ ሰው ቁመት ረጭቶታል፤ አጠገቡ ደም የነካው ድንጋይ ወድቋል። ይህን ለስለስ አድርጎ መናገር ይቻል ነበር፤ ሟቹ ግን የተለሳለሰ ወሬ አይወድም ነበርና እንዳለ ይነገር።

ኤልሳዕ በከተማው አንድ ኮሌጅ ሥነ ልቦና ያስተምር ነበር። አንድ አመል ነበረችው። ሰው ምንም ቢነግረው «ከመቶ ስንት እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ይጠይቅና መልሱን ከነቀኑ በደብተሩ ያሰፍራል። ባጃጅ ነጂውንም፣ ወተት ሻጯንም፣ የንስሐ አባቱንም አይምርም። ከወር በኋላ ተመልሶ ያንኑ ነገር ይጠይቃቸዋል። ታሪኩ ተለውጦ፣ እርግጠኝነቱ ግን ጨምሮ ያገኘዋል፤ ያኔ ደስታው ነው።

«ዝናብ ሊመጣ ነው ስለው እንኳ ‹ከመቶ ስንት፣ አዴ?› ይለኝ ነበር» አሉ የቤቱ ባለቤት አዴ ሩቂያ፣ እንባቸውን በሻሻቸው ጫፍ እየጠረጉ። «ወላሂ እንደ ልጄ ነበር የማየው። ኢናሊላሂ።»

ጉዳዩን የያዘችው ኢንስፔክተር ለተማርያም ቃላቸውን ጻፈች። ከሰሜን ተመድባ ሐረር ከመጣች ስድስት ዓመቷ ነው። ቀጭን፣ ንግግረ ቁጥብ ሴት ናት። ሰው ሲዋሽባት ብዙም አትናደድም፤ ሥራው ነው ትላለች። እርግጠኛ የሆነ ሰው ሲያጋጥማት ግን ትጨነቃለች።

በዚያው ምሽት አንድ ምስክር ተገኘ። በመንገዱ አፍ ላይ መጋዘን የሚጠብቁት ጡረተኛው አሥር አለቃ ወልደ ጊዮርጊስ ናቸው። ቃላቸውን የተቀበለው ፖሊስ የጻፈው ሁለት መስመር ብቻ ነው፦ አንድ ሰው ፈጠን ብሎ ሲያልፍ ትከሻውን አየሁ፤ ጠቆር ያለ ጃኬት ለብሷል፤ ማን እንደሆነ አላውቅም።

ሰፈሩ ግን ከአሥር አለቃው ቀድሞ አወቀ። ከኤልሳዕ አጠገብ ያለውን ክፍል የተከራየው ሄኖክ የሚባል የሒሳብ መምህር ነው፤ እሑድ ዕለት ሁለቱ በውኃ በርሜል ተጣልተው ሲጮሁ ያልሰማ የለም። ውኃ በየስንት ቀኑ በምትመጣበት ሰፈር በበርሜል መጣላት ብርቅ አይደለም፤ ማክሰኞ ጠዋት ግን ለሞት በቂ ምክንያት ሆኖ ተገኘ። ሄኖክን ከክፍሉ ጎትተው እስከ ሰንጋ በር ድረስ በዱላና በድንጋይ ቀጠቀጡት። ፖሊስ ወደ ሰማይ ተኩሶ ነው ያስጣለው። መንጋጭላው ተሰብሯል፣ አንድ ዓይኑ ጠፍቷል። ሆስፒታል ከአልጋው ጋር በካቴና አሰሩት።

ለተማርያም አልጋው አጠገብ ቆማ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠችው። መናገር ስለማይችል ጻፈላት፦ «ሰኞ ወህኒ ካስገቡኝ ሰዉ ይጨርሰኛል። እኔ አይደለሁም።» ሰኞ ፍርድ ቤት የሚቀርብበት ቀን ነው። ስድስት ቀን አላት ማለት ነው።

በዚያው ማክሰኞ የሄኖክን ክፍል በረበረች። ልብስ፣ ደብተር፣ አንድ ምጣድ የማያህል ምድጃ። በመጨረሻም ጠብ ያስነሳውን በርሜል ከፍታ ባትሪ አበራችበት፤ ውኃ ከጠፋ አምስት ቀን ሆኖታልና ውስጡ ደረቅ ነበር፣ አንዲት ጠብታ እንኳ የለውም። በኤልሳዕ ክፍል ግን አንድ የሚገርም ነገር አገኘች። አልጋው ሥር የተሸከፈ ሻንጣ አለ፣ በውስጡ የሴት ቀሚስና የሴት ጫማ።

ረቡዕ አዴ ሩቂያ ጣቢያ ድረስ መጡ።

«ልጄ፣ ያ ደም እዚያ ግድግዳ ላይ እያለ ሶላቴም አልሰምር አለኝ። ፎቶውን አንስታችኋል። ልቀባው?»

ጀጎል ውስጥ ግድግዳ መቀባት የሴቶች ወግ ነው፤ ለዒድ ይቀባል፣ ለሠርግ ይቀባል። ለተማርያም ፈቀደችላቸው። ሐሙስ ጠዋት አዴ ሩቂያና ጎረቤቶቻቸው ግድግዳውን አጥበው አረንጓዴ ቀቡት።

ለተማርያም በዚያው ሐሙስ ወደ አቦከር ሰፈር ሄደች። የሟቹ እኅት ጽጌሬዳ ከባሏ ከኤርሚያስ ጋር እዚያ ትኖራለች። ኤርሚያስ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ እንግዳ የሚያከብር። ጽጌሬዳ በዚያ ሙቀት እጅጌዋ እስከ ጣቶቿ የሚደርስ ሹራብ ለብሳለች።

«ወንድምሽን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሽው መቼ ነው?»

«እሑድ ነው» አለ ኤርሚያስ። «ምሳ እኛ ጋ በላ። እሑድ እሑድ እኛ ጋ ነበር የሚበላው።»

«እሷን ነው የጠየቅኋት።»

«እሑድ ነው» አለች ጽጌሬዳ፣ መሬት መሬት እያየች።

«ጨዋታው ስለ ምን ነበር?»

ኤርሚያስ ፈገግ አለ። «ስለ ሥራው ነዋ፤ ሌላ ጨዋታ አያውቅም። እርግጠኝነት ዕውቀት አይደለም፣ እንደ ረሃብ ስሜት ነው ይለናል። ሰውን ደጋግመህ ከጠየቅኸው ያላየውን ያያል፣ ካየው በኋላ አንገቱን ቢቆርጡት አይመለስም ይላል። እኔ እንኳ አላምነውም ነበር።»

ለተማርያም ስትሰናበት የጽጌሬዳን እጅ ጠበቅ አድርጋ ጨበጠች። ሴቲቱ ከንፈሯን ነከሰች እንጂ ድምፅ አላሰማችም። እጅጌው ገለጥ ሲል የአራት ጣቶች ሰምበር ታየ።

ዓርብ ነገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ የተፈታ መሰለ። ውኃ ረቡዕ መጥቶ አዴ ሩቂያ የሄኖክንም በርሜል አስሞልተውለት ነበር፤ ሲቀዱ ታች የሚንኳኳ ነገር ሰሙ። ለተማርያም እጇን እስከ ብብቷ ነክራ አወጣችው፤ የብረት ዘነዘና ነው። ራሱ ላይ ፀጉር ተጣብቋል። ሐኪሙም ቀድሞ ነግሯታል፤ ቁስሉ ድቡልቡልና ጠባብ ነው፣ በድንጋይ አይሆንም ብሎ። ድንጋዩ ለታይታ ደም የተቀባ ነው። አዴ ሩቂያን በቁርአን አስምላ ለማንም እንዳይናገሩ ለመነቻቸው፤ አዴ ሩቂያም ከማሉ ማሉ ነው።

ቅዳሜ አሥር አለቃው በራሳቸው ፈቃድ ጣቢያ መጡ። ከዘራቸውን አስደግፈው ቀጥ ብለው ቆሙ።

«አሁን ጠርቶልኛል። ሄኖክ ነው። ፊቱን አይቼዋለሁ። በዚያ አረንጓዴ ግድግዳ ሥር ቆሞ በግራ እጁ ዘነዘና ይዞ ነበር።»

ለተማርያም እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ሰኞ ማን እንደሆነ አላውቅም ብለው ነበር።»

«ሰኞማ ደንግጫለሁ፣ ልጄ። ከዚያ ወዲህ ቀስ እያለ መጣልኝ።»

«ከመቶ ስንት እርግጠኛ ነዎት?»

ሽማግሌው ተቆጡ። «እኔ ኦጋዴን ላይ ሠላሳ ወር ተዋግቻለሁ። ጊዮርጊስን፣ መቶ ነኝ።»

አይዋሹም። ለተማርያምን ያስፈራትም ይኸው ነው። አለቃዋ ዘነዘናና ምስክር ካለሽ ምን ትጠብቂያለሽ ብሎ ፋይሉን እንድትዘጋ አዘዛት። እሷ ግን ከሰዓት በኋላ ሄዳ በአሥር አለቃው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ጉልበታቸው ስለማይሠራ ቁጭ ብለው ነው የሚጠብቁት። ከፊታቸው ዝቅ ያለ የድንጋይ ካብ አለ። አንድ ፖሊስ ዱላ አስይዛ በመንገዱ አስኬደችው፤ ከትከሻው በታች ምንም አልታያትም።

«ሰሞኑን ማን አብሮዎት ይቀመጣል?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«የጽጌ ባል ብቻ ነው። ከሐሙስ ጀምሮ ሻይ ይዞልኝ ይመጣል። የተባረከ ልጅ ነው፤ አስታውሱ እያለ ያግዘኛል።»

እሑድ ከምሳ በኋላ ሁሉንም በአዴ ሩቂያ ቤት ሰበሰበቻቸው። አዴ ሩቂያ በላይኛው መደብ፣ አሥር አለቃው በቀኝ፣ ኤርሚያስና ጽጌሬዳ በታችኛው መደብ ተቀመጡ። ሁለት ፖሊሶች በሩን ያዙ። ለተማርያም መሐል ቆመች።

«ከበርሜሉ ልጀምር። ዘነዘናው የተገኘው ሄኖክ በርሜል ውስጥ ነው። ግን ማክሰኞ በርሜሉን በባትሪ ያየሁት እኔ ነኝ፤ ደረቅና ባዶ ነበር። ከማክሰኞ ጀምሮ ሄኖክ በካቴና ታስሯል። ስለዚህ የጨመረው ሌላ ሰው ነው።»

«ታዲያ እኔ ያየሁትስ?» አሉ አሥር አለቃው።

«አዴ ሩቂያ፣ ሰኞ ግድግዳዎ ምን ቀለም ነበር?»

«ነጭ ነዋ። አረንጓዴውን የቀባሁት ሐሙስ ነው፣ አንቺው ፈቅደሽልኝ።»

ለተማርያም ወደ አሥር አለቃው ዞረች።

«እርስዎ ሄኖክን ያዩት አረንጓዴ ግድግዳ ሥር ነው» አለች ለተማርያም፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሰኞ አረንጓዴ ግድግዳ አልነበረም። እንግዲህ ሥዕሉ ከሐሙስ በኋላ የተሠራ ነው። ከበርጩማዎ ደግሞ የሰው እጅ አይታይም፤ ተቀምጬ ሞክሬዋለሁ። ዘነዘናውን በዓይንዎ አላዩትም፣ በጆሮዎ ነው የሰሙት። ሐሙስ እዚያ ግድግዳ ሥር ወስዶ ያቆመዎት ማን ነው?»

«ኤርሚያስ» አሉ፣ በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ። «ዓይንዎን ይጨፍኑ አለኝ። በግራ እጁ ዘነዘና አልያዘም ወይ አለኝ። ደጋግሞ ጠየቀኝ።»

«ሐሙስ ዕለት ሐረር ሙሉ በድንጋይ ተገደለ ነበር የሚለው። ዘነዘናውን እኔ ያገኘሁት ዓርብ ነው። ሐሙስ ላይ ዘነዘና መሆኑን ሊያውቅ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የመታበት ሰው። በርሜሉ ውስጥ ደብቆ ፖሊስ እስኪያገኘው ጠበቀ፣ ስንዘገይበት ጊዜ አሥር አለቃውን ላከብን።»

ኤርሚያስ ሳቀ። «ሰው በሐዘኑ አንድ ሽማግሌ ቢያጽናና ገዳይ ይባላል? ዘነዘና በየቤቱ አለ።»

«እኛ ቤት የለም።»

የተናገረችው ጽጌሬዳ ናት። ባሏን አላየችውም። «ከሰኞ ጀምሮ የለም። ነጭ ሽንኩርት የምወቅጥበት ነበር። ከጎረቤት እየተዋስኩ ነው። የት ሄደ ብዬ ስጠይቀው...» ሹራቧን እስከ ክንዷ ሰበሰበችው። አዴ ሩቂያ ፊታቸውን አዞሩ።

«አልጋ ሥር ያለው ሻንጣ ያንቺ ነው» አለች ለተማርያም። «ወንድምሽ ሊወስድሽ ነበር።»

«አዎ። እናታችን ጋ። ሄኖክን በሕይወቴ ሁለቴ ነው ያየሁት፣ ሁለቱንም ጊዜ ወንድሜ በር ላይ። ባሌ ግን የት ተገናኛችሁ፣ ምን ለብሰሽ ነበር እያለ ሌሊቱን ሙሉ ይጠይቀኛል። እስካምን ድረስ።»

ለተማርያም የሟቹን ደብተር ገልጣ የመጨረሻውን ገጽ አነበበች፦ «እሑድ። ኤርሚያስ ጽጌ ከሄኖክ ጋር ነች ይላል። ማስረጃ፦ በር ላይ ሲስቁ አየሁ። ከመቶ ስንት? መቶ። ከእንግዲህ እሷን እዚያ ቤት ማሳደር አይቻልም።»

«መቶ ነው» አለ ኤርሚያስ ብድግ ብሎ። ረጋ ያለው ፊቱ ደም ለብሷል። «አሁንም መቶ ነው። እያወቀ ሊሸኛት ነበር፣ ለዚያ ውሻ ሊሰጣት!»

ፖሊሶቹ ከመድረሳቸው በፊት የጽጌሬዳን አንገት ይዞ ከመደቡ ጠርዝ ጋር አጋጫት። አንዴ፣ ሁለቴ። ሦስተኛው ላይ የአሥር አለቃው ከዘራ ክንዱ ላይ አረፈ፤ የአጥንቱ ስብራት ቤቱ ውስጥ ተሰማ። ፖሊሶቹ ወለሉ ላይ ጥለው አሰሩት። በጉንጩ ተደፍቶ እንኳ «ጠይቋት፣ ጠይቋት» ይል ነበር።

ጽጌሬዳ ግንባሯ ተሰንጥቋል፣ ግን ትተነፍሳለች። አዴ ሩቂያ ሻሻቸውን ፈትተው ደሟን ይዘው ተቀመጡ። ለተማርያም ሆስፒታል ደውላ የሄኖክን ካቴና ፍቱለት አለች።

ሁሉም ሲወጣ አሥር አለቃው ግቢው በር ላይ ጠበቋት። አረንጓዴውን ግድግዳ ያያሉ።

«ቃሌን ልቀይር፣ ልጄ። ጻፊልኝ።»

ወረቀት አወጣች።

«አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትፍረጂብኝ። አስረድተሽኛል፣ ገብቶኛል። እሱ እንዳልነበረ አውቃለሁ። ግን ዓይኔን ስጨፍን ያ ልጅ አሁንም እዚህ ቆሟል። ዘነዘናውን ይዞ ቆሟል። አልሄደልኝም።»

ለተማርያምም ወደ ግድግዳው ዞራ አየች።

«የሚሄድም አይመስለኝም» አሉ። «አንቺ ግን አላየሁም ብለሽ ጻፊ።»

ጻፈችው። ሽማግሌው ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ወረቀቱን በአንድ እጃቸው ይዘው በሌላው ፈረሙ፤ ከዚያ ሄኖክ ወደ ተኛበት ሆስፒታል የሚወስደው መንገድ በየት በኩል እንደሚያጥር ጠየቋት።