የቬሎው ጠብታ

ይህ የደረሰው በእኔው ላይ ነው። ከሌላ ሰው ሰምቼው ቢሆን ኖሮ እኔም አላምንም ነበር...

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ቦታው የአክስቴ ስፌት ቤት፤ ቬሎ ብቻ የሚሰፋበት ሰፊ ክፍል። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ወለሉ ላይ ተዘርግታለች። የሚያስፈራ ምንም ነገር አልነበረም።

እኔ ተንበርክኬ የእሜቴን ቀሚስ ጫፍ እዘመዝማለሁ።

እሜቴ የምንላት ቬሎ የምናለብሳት የእንጨት አካል ናት። ትከሻ አላት። ወገብ አላት። አንገት አላት።

ራስ የላትም። እጅም የላትም።

ጠዋት ስንገባ "እንዴት አደሩ፣ እሜቴ?" እንላታለን። ስንወጣ ደግሞ "ደህና ይደሩ።" የቤታችን ቀልድ ነው። ጫፏን ለመስፋት የግድ እግሯ ሥር መደፋት ስላለብን፣ ክብሩም አልበዛባትም እንል ነበር።

ጠብ...

ነጩ ሳቲን ላይ አንዲት ጠብታ አረፈች።

"አንቺ እንፋሎት! ካውያሽ እያንጠባጠበ ነው!" አለች አክስቴ ከማሽኗ ሳትነሳ።

እንፋሎት የምንለው ካውያ ተኳሿን ነው። እኔ ከሥር ስዘመዝም እሷ ከላይ ቀሚሱን በእንፋሎት ካውያ ታለሰልሳለች። አፏ ግን ከካውያው ይበልጥ ይተኩሳል።

"ምስኪን ካውያዬ! ሙሽራዋን አይቶ አልቅሶ ይሆናል" አለች።

ሳቅን። ካውያውም ለጥገና ተላከ።

ጠብታው ግን አልቆመም።

አንድ ቀን እንፋሎት ቀረች። ካውያው ከሶኬት ተነቅሎ ጥግ ላይ ተቀምጧል። እኔም እንደ ልማዴ ተደፋሁ።

ጠብ...

ቀና አልኩ። የላይኛው ከንፈሬ ረጥቧል። ጨው ጨው አለኝ... መጨረሻው ላይ ደግሞ ትንሽ ጣፈጠኝ።

ለካ ካውያው አልነበረም። እኔ ነበርኩ።

"ጉንፋን ነው፣ የኔ ልጅ" አለች አክስቴ። ሰፈር ያለው ክሊኒክም አለርጂ ነው ብሎ የሚነፋ መድኃኒት ሰጠኝ። ግን ለምን በቀኝ በኩል ብቻ? ለምን ስደፋ ብቻ? ደግሞ ስቆም ራሴን ይፈልጠኛል፤ ስተኛ ይተወኛል። ሰው ማስቸገር ስለማልወድ ዝም አልኩ። አክስቴ ናት እየጎተተች ወደ አፍንጫ ሐኪም የወሰደችኝ።

"መሐረብሽ ሲደርቅ እንዴት ይሆናል? ንፍጥ እንደነካው ጨርቅ ይገተራል?" አለኝ ሐኪሙ።

"አይ... ለስላሳ ነው። ውሃ እንደነካው።"

ብዕሩን አስቀመጠ።

"እስቲ ጎንበስ በይ።" አፍንጫዬ ሥር ትንሽ ብልቃጥ ያዘ።

ጠብ... ጠብ...

"ይሄ ንፍጥ አይመስለኝም" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "አንጎልን ከቦ የሚይዘው ውሃ ነው መሰለኝ። ላቦራቶሪ ያረጋግጥልን። ጭንቅላትሽን ተመትተሽ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም።"

አክስቴ ክንዴን ያዘችኝ። "እሜቴ..." አለች በሹክሹክታ።

ረስቼው ነበር። ከመደርደሪያ ላይ ሳወርዳት አምልጣኝ ፊቴ ላይ ወድቃ ነበር። አንገቷ ቅንድቦቼ መሐል ነው ያረፈው። ትንሽ ነሰረኝ፤ ስቀን አለፍነው።

የላቦራቶሪው ውጤት የአንጎል ፈሳሽ ነው አለ። ሲቲ ስካኑ ደግሞ የአፍንጫዬ ጣሪያ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አሳየ።

"ውሃ በወጣበት ጀርም ይገባል" አለ ሐኪሙ። "ማጅራት ገትር ከያዘሽ..." አልጨረሰውም። "አትጎንበሺ። አትናፈጪ። ከባድ አታንሺ። ትራስሽን ከፍ አድርጊ። ትኩሳት ከመጣ ወይ አንገትሽ አልታጠፍ ካለ፣ ሮጠሽ ነይ። አንዳንዱ በዕረፍት ብቻ ይዘጋል።"

የእኔ አልተዘጋም።

እነዚያን ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው አላውቅም። እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ፣ እንደገና እቀመጣለሁ። የቧንቧ ድምፅ ስሰማ አፍንጫዬን እነካለሁ። በየደቂቃው አገጬን ወደ ደረቴ አስጠጋለሁ። ይታጠፋል? ይታጠፋል... አሁንስ?

በመጨረሻ ሰመመን ሰጥተው፣ በአፍንጫዬ በኩል በካሜራ ገብተው፣ ከዚያው ከአፍንጫዬ ውስጥ በወሰዱት ስስ ሥጋ ስንጥቁን ደፈኑት። ሰፍተው ሳይሆን ለጥፈው። አክስቴ ይሄን ስትሰማ "እኛም ብንሆን እንዲህ ያለውን በመርፌ አንነካውም" አለች።

አፍንጫዬ ደረቀ። ሐኪሙ መጎንበስ እስኪፈቅድልኝ ጠበቅሁ፤ ከዚያ ወደ ሥራ ተመለስኩ።

"እሜቴ ካሳ ሊከፍሉሽ ነበር" አለችኝ እንፋሎት። "ምን ያድርጉ፣ እጅ የላቸውም!"

ሳቅሁ። ከልቤ ነበር የሳቅሁት።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሆነ። ፀሐይ ወለሉ ላይ ነበረች። እሜቴ አዲስ ቬሎ ለብሳለች። እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜ መርፌ ውስጥ ክር አስገባለሁ።

ጠብ...

ማሽኑ ቆመ።

"አንቺ ነሽ?" አለች አክስቴ በሹክሹክታ።

አፍንጫዬን ነካሁ። ደረቅ ነው። "አይደለሁም።"

"ካውያው?"

"ቀዝቅዟል" አለች እንፋሎት። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አልጨመረችም።

ጣሪያውን አየን። ደረቅ ነው።

የእሜቴ ደረት ረጥቧል። ከአንገቷ የተነሳ ቀጭን መስመር ሳቲኑን ይዞ ወርዷል።

በመሐረቤ ጠረግሁት። መሐረቡን መስኮቱ ላይ ዘረጋሁት። ፀሐይዋ ቶሎ አደረቀችው። አነሳሁትና በጣቶቼ አሸሁት...

ለስላሳ ነበር።

ዞር አልኩ።

እሜቴ ሁልጊዜ ቀጥ ብላ ነበር የምትቆመው። አሁን ግን የእንጨት አንገቷ ወደ ፊት ዘንበል ብሏል...

ልክ እኔ ስደፋ እንደምሆነው፣ ወደምንበረከክበት ቦታ ጎንበስ ብላ ነበር።