ቀበቶና የጫማ ክር

እናንተዬ፣ የሰው ነፍስ የሚያጠፋው ጥላቻ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጠጋ በሉ፣ ይሄን ልንገራችሁ።

ዜፌሪኖ ሞቶ የተገኘው በጠዋት፣ ሊዝበን ውስጥ፣ የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ደረጃ ላይ ነው። ኢንስፔክተር ግራሳ ጉልበቷን ይዛ ደረጃውን ወጣች። ጡረታዋ ቀርቧል፤ ሬሳ ማየት ሰልችቷታል። ሲያነሱት ሱሪው ተንሸራተተ፤ አዲሱ ጫማው ከእግሩ ሾልኮ ወደቀ። ቀበቶ የለም። የጫማ ክርም የለም።

ሬሳውን አገኘሁ ያለው የድሮ ባልደረባዋ ሳጅን አቢሊዮ ነው። «ሱሰኛ ነው፣ ምኑ ይመረመራል? ትናንት ማታ ዕፅ ይዞ አገኘሁትና ዕፁን ወስጄ፣ መጥሪያ ሰጥቼ ለቀቅኩት። ከዚያ በኋላ ያ ጓደኛው ፊርሚኖ የተበከለ ነገር ሰጥቶት ነው። ልሰረው?»

«ቆይ እስቲ።»

እዚያ አገር ለራሱ የሚሆን ዕፅ የያዘ ሰው አይታሰርም። ፖሊስ ዕፁን ይወስድበትና ሐኪም ያለበት ኮሚሽን ፊት እንዲቀርብ መጥሪያ ይሰጠዋል፤ በቃ።

የዜፌሪኖ እህት ኢዳሊና ዓሣ መሸጫዋ ውስጥ እያለቀሰች ቅርፊት ትፍቃለች። «ስንቴ ‹ሞተህ በገላገልከኝ› ብዬዋለሁ፤ አፌን ይቁረጠው! ቀበቶውን የገዛሁለት እኔ ነኝ፤ ትናንት ታጥቆት ነው የወጣው። ይሄ ፊርሚኖ ሸጦት ነው!»

ፊርሚኖ በሩ ላይ ቆሟል። «ኧረ ተይ ኢዳሊና! አዲስ ጫማ ትቼ ክሩን ልስረቅ? ክር ማን ይገዛኛል?»

«ትናንት ምን ሆነ ልጄ?» አለችው ግራሳ።

«ፖሊስ ሲመጣ እኔ ሮጥኩ። እሱ ደንግጦ ዕፁን ከነላስቲኩ ዋጠው።»

«ለምን ይውጠዋል? አይታሰርም'ኮ!»

ፊርሚኖ ውጭ የቆመውን አቢሊዮን አየና ከበሩ ወደ ውስጥ ሸሸ።

ከሰዓት በኋላ ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ደወለ፤ ሆዱ ውስጥ የፈነዳ ላስቲክ ተገኝቷል። ግራሳ ሦስቱንም ጣቢያ ሰበሰበቻቸው።

«ሌባ ቢሆን ጫማውን ይወስድ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ቀበቶና ክር የሚያስፈታ አንድ ቦታ ነው ያለው። እስረኛ ራሱን እንዳያንቅ ብለን የምናስፈታው እኛ ነን። አቢሊዮ፣ ዕፅ ወሰድኩበት አልክ። ሰውዬው እኮ ውጦታል! ምኑን ወሰድክበት? በል መሳቢያህን ክፈት።»

ከፈተው። ቀበቶው በሥርዓት ተጠቅልሏል፤ ክሩ ከላዩ። እስረኛ ሲፈታ ይመለስለታል። ይሄኛው ግን ሳይፈታ ወጣ።

«የመጥሪያ ወረቀት ማንን ያስፈራል ብዬ ነው» አለ አቢሊዮ፣ ድምፁ እየጠፋ። «አንድ ሌሊት ልቅጣው አልኩ። ሆዴን ሲል፣ ሱሱ ነው፣ ሲያስመስል ነው ብዬ በሩን ዘጋሁ። ጠዋት ቀዝቅዟል። ተሸክሜ… ደረጃው ላይ…»

«ሱሰኛ እንደምታስር ያውቃል፤ አንተን ፈርቶ ነው የዋጠው» አለ ፊርሚኖ። «ሌላ ፖሊስ ቢሆን እኮ አውጥቶ ይሰጥ ነበር።»

ኢዳሊና ቀበቶውን አንስታ ደረቷ ላይ ያዘችው።

ግራሳ ዓይኗን አሸች። ከዚህ ሰውዬ ጋር ስንት ዓመት አብረው ምሳ በልተዋል!

«አቢሊዮ፣ ቀበቶህን ፍታ። የጫማህንም ክር።»

ፈጣሪ ለዜፌሪኖም ለአቢሊዮም ይዘንላቸው። እናንተን ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ ሱሰኛም ቢሆን፣ ሰው አመመኝ ካላችሁ እመኑት።