ያለ ልኩ የተገጠመ ማቀዝቀዣ

ክራስታን ኮምፒውተር በሚጠግንባት ሱቁ ወለል ላይ በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ። የራስ ቅሉ ከኋላ ተፈርክሷል፤ ደሙ ከግድግዳው አልፎ እስከ መደርደሪያው ተረጭቷል። ገዳዩ ሰውዬው ከሞተም በኋላ መምታቱን እንዳልተወ ኢንስፔክተር ኔቬና ገና ከደጃፉ ገባት። በቡልጋሪያዋ ሩሴ ከተማ ብዙ ሬሳ አይታለች፤ እንዲህ ያለ ቁጣ ግን እምብዛም አላጋጠማትም።

የተመታበት ነገር የለም። መዶሻው ንጹሕ ነው። ፖሊሶቹ የቆሻሻ ገንዳውን ሳይቀር ገልብጠው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

የሱቁ ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው። ሚስቱ ሲርማ አገጯ አብጦ፣ ከንፈሯ ተሰንጥቆ መጣች፤ አክስቷ ቤት እንደዋለች ተናገረች። እዚያው ሱቅ የሚጠግነው ወንድሟ ዢቭኮ ዳኑብ ወንዝ ዳር ዓሣ ሳጠምድ ነበር አለ። የሟቹ ሸሪክ ዶብሪ ቀኝ እጁ በጀሶ ታስሯል፤ በጠብ የሰበረው ራሱ ክራስታን ነው።

«ሙት ብዬ ረግሜዋለሁ፣ አልክድም» አላት ዶብሪ።

ኔቬና ተንበረከከች። የረጋው ደም ላይ የብረት ብናኝ ያብለጨልጫል፤ ከሥሩ ሳይሆን ከላዩ። ቀና ስትል ጠረጴዛው ላይ ክዳኑ የተከፈተ የደንበኛ ኮምፒውተር አየች። የኮምፒውተሩ አንጎል በሆነው ፕሮሰሰር ላይ፣ ሙቀቱን የሚያበርድ ጡብ የሚያህል የመዳብ ማቀዝቀዣ ተገጥሟል፤ የብረት ማሰሪያው ቀዳዳዎች በሞረድ ሰፍተዋል። ዶብሪን ጠርታ አሳየችው።

«ይሄ የዚህ ቦርድ አይደለም» አለ ዶብሪ ጎንበስ ብሎ። «ቀዳዳው መች ይገጥማል? ክራስታን ቢሆን ይመልሰዋል እንጂ አይሞርደውም።»

ሦስቱን ሰብስባ ብሎኖቹን በፊታቸው አስፈታች። በማቀዝቀዣው ስስ ክንፎች መሀል ደምና ጸጉር ተጣብቋል።

«የተገደለው በዚህ ነው» አለች። «ብናኙ ከደሙ በላይ ስላለ፣ ገዳዩ የሞረደው ሬሳው አጠገብ ቆሞ ነው። ደንበኛው መጥቶ መግደያውን በገዛ እጁ ይዞለት ይሄድ ነበር። ዶብሪ በአንድ እጅ መሞረድ አይችልም። ሲርማ ሙያው የላትም፤ ይህ ደግሞ የለመደ እጅ ሥራ ነው።»

ጫፉ ማግኔት የሆነ ካቻቪቴ አንስታ በዢቭኮ የሹራብ እጅጌ ላይ አሳለፈችው። የብረት ብናኝ ተጣብቆበት የካቻቪቴው ጫፍ ጸጉር ያበቀለ መሰለ።

ዢቭኮ እጁን አልሸሸገም። ጧት የእህቱን ፊት ማየቱን፣ ሱቅ ሲገባ ክራስታን እየሳቀ «በር መታት» እንዳለው፣ ያኔ ማቀዝቀዣው በእጁ እንደነበረ ተናገረ።

«አንዴ ብቻ ልመታው ነበር» አለ። «ከዚያ እጄ እምቢ አለኝ።»

ሲርማ ያበጠ አፏን በግድ ከፈተች።

«ሻንጣዬ አክስቴ ቤት ነው። ቫርና ልሄድ ነበር፣ ላልመለስ። ወንድምዬ፣ ምነው መጀመሪያ እኔን ብትጠይቀኝ?»

ዢቭኮ ይህን አላወቀም ነበር። ካቴናው እጁ ላይ እስኪቆለፍ ድረስ ዓይኑን ከፊቷ አላነሳም።