ጢስ ያልነካው እራፊ

በ፲፱፻፴ ዓመተ ምሕረት፣ የሰኔ ዝናም አፉን በከፈተ ሰሞን፣ ከይጁቤ ገበያ በላይ ያለችው የማርያም ደብር ከጧት እስከ ማታ ጉም ለብሳ ትውል ነበር፤ ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ብርድ በግርግዳው ስንጥቅ ይገባል፤ ሰዉም ከብቱም ተጠጋግቶ ያድራል። ጠላት ደብረ ማርቆስን ከያዘ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር፤ በዚያ ዓመት ግን የጎጃም ሰው እንቢ ብሎ ተነሥቶ ከየቤቱ ክንደ ብርቱው ዱር ገብቷልና፣ በደብሯ የቀረው ሽማግሌ፣ ሕፃንና ሴት ነው። ሰው ከሰው ጋር ሲነጋገር ዓይኑ ወደ አጥሩ ነው፤ ማን ለማን እንደሚያወራ አይታወቅማ።

እመት ያለምወርቅ የግራዝማች ወልደ ሩፋኤል ባለቤት ነበሩ፤ ግራዝማች ወደ ሰሜን ዘምተው አልተመለሱም። የቀረላቸው ድረስ የሚባል አንድ ልጅ ነው፤ እሱም ከአርበኞች ጋር በጮቄ ዋሻ ገብቷል። ዝናም ሲመጣ “ልጄ ረጠበ” ይላሉ፤ ሲያባራ “አሁን ደግሞ ውርጭ ይጥልበታል” ይላሉ፤ ውሻ ሲጮኽ መጡበት፣ ውሻ ዝም ሲል ያዙት ይመስላቸዋል። በመጨረሻ ክረምቱ ሳይጠና ለልጃቸውና ለጓደኞቹ ትልቅ ድሪቶ ሰፍተው ሊሰዱ ቆረጡ።

በዚያ ደብር የቆየ ልማድ ነበር፤ ሩቅ ለሄደ ሰው ድሪቶ ሲሰፋለት የሚደረበው እራፊ ከተለበሰ ልብስ አይቀደድም፤ ተጀምሮ ካልተፈጸመ ሥራ ይቆረጣል እንጂ። እኩሌታው ከመንገደኛው ጋር ይሄዳል፤ እኩሌታው በቤት ሣጥን ይቀመጣል። ጅምር ጅምሩን ይጠራዋል፤ ሰውየውም ሊያስፈጽመው ይመለሳል ይሉ ነበር አሮጊቶቹ። እመት ያለምወርቅ ለግራዝማች ተጀምሮ ከነመርፌው ከቀረው በርኖስ ቆረጡ፤ ባሏ ዱር የገባው ሥራነሽ ሸማኔው ከሽመና እንጨቱ ላይ ጥሎት ከሸሸው ጋቢ እኩሌታውን አመጣች፤ የሁለት አርበኞች እናት እማሆይ ወለተ ሐዋርያት ለልጅ ልጃቸው ክርስትና ከጀመሩት መጠቅለያ ሰጡ። መደቡ አሮጌ ቡሉኮ ነው፤ ሦስቱ ዙሪያውን ተቀምጠው በድርብ ፈትል ይወጉታል።

“ሥራነሽ፣ ስፌቱን አጥብቂው እንጂ፤ ልጄን በቀዳዳ ልትገድይው ነው?” አሉ እመት ያለምወርቅ።

“አይ እመት፣ ይኸ ድሪቶ እኮ ከኔ ትዳር ይልቅ ጠንክሯል። ባሌ ከሠርጋችን ጀምሮ እንዲህ አጥብቆ ይዞኝ አያውቅም።”

እማሆይ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። “እቴናትም ከጅምሯ እሰጣለሁ ብላለች” አሉ ቀጥለው።

የእመት ያለምወርቅ መርፌ ቆመ። “የትኛዋ እቴናት?”

“ስንት እቴናት አለን? ምራትሽ ልትሆን የነበረችው ናት።”

“ነበርን አይርሱብኝ፣ እማሆይ።”

እቴናት የድረስ እጮኛ ነበረች። ሠርጉ ለጥር ፲፱፻፳፰ ተቀጥሮ፣ ክተት ሲታወጅ ጠጅ መጣሉ ቀርቶ ስንቅ ተቋጠረ። ጠላት ከገባ በኋላ ደግሞ ወንድሟ እንዳላማው በደብረ ማርቆስ ምሽግ አድሮ ባንዳ ሆነ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እመት ያለምወርቅ የልጅቱን ስም በቤታቸው አያስጠሩም፤ በቤተ ክርስቲያን ደጅ እጅ ስትነሣቸው እንኳ አጸፋውን ለማርያም ሥዕል ይሰጣሉ።

በማግስቱ ሌሎቹ በሌሉበት ሰዓት እቴናት መጣች፤ ከመቀነቷ ውስጥ ትንሽ ጨርቅ አወጣች። ለሙሽራው እጀ ጠባብ የጀመረችው ያንገት ጥልፍ ነው፤ መስቀሎቹ በአረንጓዴ ሐር ተሰልፈው፣ የመጨረሻው መስቀል አንድ ክንፉ ቀርቶታል።

“ይኸ ክር ከየት መጣ?” አሉ እመት ያለምወርቅ፤ “ከጣሊያን ሱቅ ነው?”

“የሠርጉ ክር ነው፣ እሜቴ። አባቴ በሕይወት ሳለ የገዛልኝ።”

“እንዴት አልደበዘዘም?”

“ስላልተለበሰ ነው” አለች ልጅቱ፤ ቀጥላም፣ “በየት በኩል ነው የሚሄድላቸው? መቼስ በጨሞጋ ወንዝ ማዶ ወታደር አለ” ብላ ጠየቀች።

እመት ያለምወርቅ ጨርቁን ተቀብለው፣ “መንገዱን መንገደኛው ያውቀዋል” አሉ። ይሉኝታ ይዟቸው ያን ዕለት ብቻቸውን ሰፉት፤ ሥራው በሱ አልቆ ነበርና ሌሎቹ አላዩትም፤ ግን ጥያቄዋ እንደ ገብስ ጭራ ይወጋቸው ጀመር። የሌላ ሰው እኅት ሆና መንገድ ብትጠይቅ ጭንቀት ይባል ነበር፤ የባንዳ እኅት ናትና ስለላ ተባለ።

ቅዳሜ በይጁቤ ገበያ እመት ያለምወርቅ እቴናትንና እንዳላማውን ከበቅሎዎቹ ኋላ ቆመው አዩአቸው፤ አንድ ነገር ከእጅ ወደ እጅ አለፈ። የተላለፈው ጨው ነበር፤ እኅት ወንድሟን ከምሽጉ ውጣ ብላ ስትለምነው፣ እሱ አፏን ለማዘጋት ያስጨበጣት ነው። እመት ያለምወርቅ ግን ቃሉን አልሰሙም፤ እጁን ብቻ አዩ። ወደ ቤታቸው እየበረሩ መጡ፤ ያ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ጥልፍ፣ በዚህ ሁሉ ጥቁርና ነጭ ጨርቅ መካከል፣ ለምንድን ነው? ምልክት ነው። በዚህ ምልክት ልጄን ይለዩታል። ስፌቱን በቢላዋ ጫፍ በጥሰው እራፊውን ፈቱና በትንሽ ማሰሮ ከድነው ከሣጥናቸው ሥር መሬት ውስጥ ቀበሩት፤ በቦታው የቡሉኮው መደብና የመርፌው ቀዳዳ ብቻ ቀረ። ድሪቶው በዚያው ሌሊት ሄደ።

የጠቆመ ሰው አልነበረም። ኅዳር ላይ ውርጭ የጠናባቸው አርበኞች እሳት ቢያነዱ ጭሱ ዋሻውን አሳበቀ፤ ወንዶቹ በገደሉ አምልጠው ድሪቶው ብቻ ተያዘ። የጠላት መኰንን ጨርቁን ሊጥለው ሲል እንዳላማው አገላብጦ አየውና ፈገግ አለ፤ የዚያው ደብር ልጅ ነዋ፤ እናቱም ለአባቱ እንዲህ ያለ ሰፍታለች። “የዚህ ሁሉ እኩሌታ በየቤቱ አለ፤ ሣጥን ማስከፈት ነው” አለ።

ወታደሩ ደብሯን ከበበ። ድሪቶው በየደጁ እየተዘረጋ ሣጥን ተገለበጠ፤ የሥራነሽ ጋቢ ከሥራነሽ ቤት ገጠመ፤ መጠቅለያው ከእማሆይ ቤት ገጠመ፤ በርኖሱም ከእመት ያለምወርቅ ሣጥን ከነመርፌው ተመዘዘ፤ ከሥሩ የተቀበረችውን ትንሽ ጥልፍ ግን አላዩአትም። በእቴናት ቤት አንገቱ የተቆረጠ፣ ከዳሩ አረንጓዴ ሐር የቀረበት እጀ ጠባብ ተገኘ። እንዳላማው ፊቱ አመድ መሰለ፤ ድሪቶውን ደጋግሞ አገላበጠው፤ አረንጓዴ የሚባል ነገር አልነበረበትም። “የእኅቴ ቤት ንጹሕ ነው!” ብሎ ጮኸ፤ ደስታው አፍኖት እንጂ ሊጎዳት አልነበረም፤ ያን ቃል ግን ደብሯ ሙሉ ሰማው።

ሦስቱ ቤቶች ተቃጠሉ፤ ሦስቱ ሴቶች ታስረው ደብረ ማርቆስ ወረዱ። የወህኒው ዘበኛ መደረቢያ ሲለምኑት ድሪቶውን በሹፈት ወረወረላቸው፤ “የሠራችሁትን ልበሱት” አለ። በዚያ ጢስ በሞላበት፣ ጣሪያው በሚያፈስ ቤት ሦስቱ በአንድ ድሪቶ ተጠቀለሉ።

ሥራነሽ እራፊዎቹን በጣቷ ስትዳስስ ውላ አንድ ቀን እንዲህ አለች፦ “የኔ አለ፤ የእማሆይ አለ፤ የእርስዎ አለ። እሰጣለሁ ብላ የፎከረችው የታለች?”

“ምናልባት ጊዜ አጥሯት ይሆናል” አሉ እማሆይ እየሳሉ።

“ጊዜ አላጠራትም፤ አስቀድማ አውቃለች። የሚያዝ ነገር ላይ ማን ጨርቁን ይሰጣል?”

እመት ያለምወርቅ እጃቸው በቡሉኮው መደብ ላይ፣ ባዶው ቦታ ላይ ነበር፤ ጣታቸው የመርፌውን ቀዳዳ አንድ በአንድ ያገኘዋል። ፈታሁት ልበል አሉ በልባቸው፤ ለምን ፈቱት ብትለኝስ? እንደሚያዝ በምን አወቁ ብትለኝስ? የሷ ባል ከልጄ ጋር በአንድ ጫካ ነው ያለው፤ ‘እናቱ አውቃ ነበር’ የሚል አንድ ቃል ቢደርሰው፣ ልጄን ከፊቱ ጠላት ከኋላው ወዳጅ ይበላዋል። ባዶውን ቦታ በመዳፋቸው ሸፍነው የድሪቶውን ጫፍ ወደ እማሆይ ትከሻ ሳቡት። እማሆይ ወለተ ሐዋርያት በፍልሰታ ጾም በዚያው ወህኒ ዐረፉ።

የተረፉት ሁለቱ ሲፈቱ ድሪቶውን እመት ያለምወርቅ ይዘውት ወጡ፤ ሥራነሽ ግን የደብሯን ሴቶች ሁሉ አስማለች፤ ለእቴናት እሳት የሚሰጥ እንዳይኖር፣ ከምንጭም ማድጋዋን የሚያሸክማት እንዳይኖር። እቴናት ሦስት ቀን ያልነደደ ምድጃዋን ትታ ወደ እመት ያለምወርቅ አዲስ ጎጆ መጣች፤ ከደጅ ቆመች እንጂ አልገባችም።

“እሜቴ፣ በእጅዎ አልሰጠሁዎትም?”

“ሰጥተሽኛል።”

“ለሌሎቹ ይንገሩልኛ። አንድ ጊዜ ብቻ።”

“ልጄ ይመለስ፤ ያን ጊዜ በአደባባይ እናገራለሁ። አሁን ብናገር እሱን ያጠፉብኛል። እናት ስትሆኚ ይገባሻል፣ ልጄ።”

“እናት የምሆነው ከማን ነው?” አለች እቴናት፤ ድምፅዋ ግን አልጨመረም። “እስከዚያስ እሳት ከየት ላምጣ?”

እመት ያለምወርቅ በሩን ገፋ አደረጉት። በሳምንቱ ቤቷ ተዘግቶ ታየ፤ ወደ ደጀን ወርዳለች ተባለ።

በ፲፱፻፴፫ መጋቢት ጠላት ደብረ ማርቆስን ለቀቀ፤ ድረስም ጎፈሬውን አሳድጎ፣ ባላምባራስ ተብሎ ወደ እናቱ ተመለሰ። እልልታው ሳይበርድ ስለ እቴናት ጠየቀ፤ የደብሩ ሰው ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ያን ዕለት እመት ያለምወርቅ ጥልፉን ከተቃጠለው ቤታቸው መሬት ቆፍረው አወጡ፤ በዚያው ቀዳዳ ላይ፣ በዚያው ድርብ ፈትል መልሰው ሰፉት። በሚያዝያ ማርያም ድሪቶውን በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ላይ ዘርግተው፣ ከቅዳሴ በሚወጣው ሕዝብ ፊት ቆሙ።

“ይኸ የእቴናት ነው። ሰጥታኝ ነበር፤ በክፉ ጠርጥሬ የፈታሁት እኔ ነኝ።”

ሰዉ ቀረበ። በርኖሱ በወህኒው ጢስ ጠቁሯል፤ ጋቢው በዋሻው ጭቃ ወይቧል፤ መጠቅለያው የእማሆይን ሳል ይዞ ደርቋል። በመካከላቸው ያንገት ጥልፉ እንደ ትናንት ሐሩ ያበራል።

ሥራነሽ በጣቷ ነካችው። “እመት ያለምወርቅ፣ አብረን ነው የታሰርነው፤ አብረን ነው የሳልነው። ይኸ ጢስ አያውቅም፤ ዝናም አላየም። ልጅዎ ቢወዳት ይዳሩለት፤ እኛን ግን ዓይናችንን አይንሡን።”

“በማርያም ስም!” አሉ እመት ያለምወርቅ።

“በማርያም ደጅ ነው ያለነው” አለችና ሥራነሽ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች፤ ሕዝቡም ተከተላት። እውነቱ በጊዜው አልተነገረምና ንጽሕናው ራሱ መሰከረበት።

ድረስ ብቻ ቀረ። የመጨረሻውን መስቀል፣ ክንፉ የቀረውን፣ ሲያይ ቆየ፤ ሳያስበውም አንገቱን በእጁ ዳሰሰ። “መቼ ነው የፈታሽው፣ እማየ?”

“ሳይሄድልህ በፊት።”

“በዋሻው ሳለሁ ጥልፏን በድሪቶው ላይ ፈልጌው ነበር” አለ፤ “ረስታኛለች ብዬ ተውኩት።”  በማግስቱ በቅሎውን ጭኖ ደጀን ወረደ፤ እዚያ ቤት ተከራይታ ፈትል ስትፈትል የነበረች ሴት ከነጋዴ ጋር ዓባይን ተሻግራለች አሉት፤ ከዓባይ ወዲያ ያያት ሰው አላገኘም።

ዓመታት ካለፉ በኋላ የደብሯ ሽማግሎች የዚያን ዘመን ታሪክ ሲያወርሱ፣ ለአርበኛ ድሪቶ ሰፍተው ቤታቸው የተቃጠለባቸውን ሦስት ሴቶች ስም በክብር ይጠራሉ፤ ያለምወርቅ፣ ሥራነሽ፣ ወለተ ሐዋርያት፤ አራተኛዋን ከጠሯትም የባንዳ እኅት ይሏታል። ታሪክ መቼስ በጊዜው የተነገረውን ይይዛል፤ የዘገየውን ይጠረጥራል። ድሪቶው ግን በእመት ያለምወርቅ ልጅ ልጆች ቤት ከምድጃው በላይ ተሰቅሎ ኖረ፤ ጢሱም በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት አረንጓዴውን ሐር እያጠየመ ከሌሎቹ ጋር አንድ መልክ አደረገው። ያ ጥልፍ ከጓደኞቹ ጋር በተመሳሰለ ጊዜ፣ አይቶ የሚያምን ምስክር ከምድር ላይ አልቆ ነበር። ዛሬ ሕፃናቱ በጣታቸው እያመለከቱ እራፊዎቹን ይቈጥራሉ፤ ጨርቁ አራት ይሆንባቸዋል፤ የተነገራቸው ስም ሦስት ነው።